ሉዊ ፓስተርና የወይን ጠጅ ቀማሾች

የሉዊ ፓስተር ስም ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በ1950ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ በስሙ የሚጠራ የምርምር ተቋም ስለ ነበረ፣ ተቋሙ ስሙን ከለወጠ ከብዙ ዘመን በኋላም ሕዝቡ ሥፍራውን ፓስተር ማለቱን አልተወም። ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው የሚወጋው ክትባትና ታሽጎ የሚሸጠው ወተትም ይህንኑ ስም ሲያስነሡ ይኖራሉ። ይሁን እንጂ ወተትን ከመበላሸት የሚጠብቀው ዘዴ ፓስተር በመጀመሪያ ያዘጋጀው ለወተት ሳይሆን ለወይን ጠጅ መሆኑን፣ ዘዴውም በቤተ ሙከራ ከተፈተነ በኋላ በነጋዴዎች ምላስ መመዘን ግድ ሆኖበት እንደ ነበረ የሚያስታውሱ ጥቂቶች ናቸው። የምርትን ጥራት በመቅመስ መለየትና ደረጃ መስጠት ሙያቸው ለሆነ ሁሉ፣ ከሊቁ የሕይወት ታሪክ ይህ ክፍል ተለይቶ ሊታይ የሚገባው ነው።

ፓስተር የተወለደው በምሥራቅ ፈረንሳይ በጁራ አውራጃ፣ ዶል በምትባል ከተማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 27 ቀን 1822 ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባቱ ዣን ዦዜፍ በናፖሌዎን ሠራዊት ውስጥ አገልግሎ የክብር ሌጌዎን ኒሻን የተሸለመ፣ ከጦርነቱ በኋላም ቆዳ በማልፋት ይተዳደር የነበረ ሰው ነው። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ በዚያው በጁራ ወደምትገኘው ወደ አርቧ ተዛወረ። አርቧ በወይን ተክል የተከበበች ትንሽ ከተማ ናት፤ በእንደዚህ ያለው አገር ስለ ወይን ጠጅ መልክ፣ መዓዛና ጣዕም መነጋገር ስለ ዝናብና ስለ አዝመራ ከመነጋገር የሚለይ አይደለም። ፓስተር በፓሪስ ዝናው ከገነነ በኋላም ዕረፍት ባገኘ ቁጥር የሚመለሰው ወደዚሁ ወደ አባቱ ቤት ነበር።

በ1843 በፓሪስ ወደሚገኘው ወደ ኤኮል ኖርማል ገብቶ የሳይንስ ትምህርቱን ቀጠለ። የመጀመሪያው ታላቅ ግኝቱም ከወይን ጠጅ የራቀ አልነበረም። ወይን ጠጅ በበርሜል ውስጥ ሲቆይ በበርሜሉ ግድግዳ ላይ እንደ ቅርፊት የሚጋገር ጨው ይተዋል፤ ታርታሪክ አሲድ የሚገኘው ከዚህ ነው። ፓስተር በ1848 የዚህ አሲድ ዘመድ ከሆነ ሌላ አሲድ የተሠራን ጨው ሲመረምር፣ ክሪስታሎቹ እንደ ቀኝና እንደ ግራ እጅ የሚመሳሰሉ፣ ነገር ግን አንዱ በሌላው ላይ የማይገጥም ሁለት ዓይነት መሆናቸውን አስተዋለ። አንድ በአንድ ለቅሞ ለያቸውና በብርሃን ላይ የሚያሳዩት ጠባይ ተቃራኒ መሆኑን አረጋገጠ። ያን ጊዜ ዕድሜው 25 ዓመት ነበር። ሌሎች አንድ ነው ብለው ያለፉትን ነገር ሁለት ሆኖ ማግኘት፣ ሁለት ነው ያሉትንም አንድ መሆኑን ማሳየት የዘወትር ጠባዩ ሆኖ ቀረ።

በ1849 በስትራስቡርግ ማሪ ሎራንን አገባ፤ በ1854 የሊል የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን ሆነ። ሊል የኢንዱስትሪ ከተማ ስለ ነበረች ከስኳር ቀይ ሥር አልኮል የሚያወጡ አምራቾች የሥራቸውን ችግር ይዘው ወደ እርሱ ይመጡ ጀመር። በዚያን ዘመን ከታላላቅ ኬሚስቶች ብዙዎቹ መብላላት ሕይወት የሌለው የኬሚካል መፈራረስ ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። ፓስተር ግን በ1857 ወተትን ስለሚያኮመጥጠው መብላላት፣ በ1860 ደግሞ አልኮልን ስለሚሰጠው መብላላት ባቀረባቸው ጽሑፎች፣ ሥራው የሕያዋን ረቂቅ ተሐዋስያን መሆኑን አስረዳ። እርሾው ሕያው ከሆነና ስኳሩን ወደ አልኮል የሚለውጠው እርሱ ከሆነ፣ ሌላ ያልተጠራ ሕያው ደግሞ ገብቶ መጠጡን ሊያበላሸው ይችላል ማለት ነው። ይህ ሐሳብ ወደ ወይን ጠጅ መራው።

የፈረንሳይ የወይን ጠጅ ንግድ በዚያን ጊዜ በታላቅ ተስፋና በታላቅ ሥጋት መካከል ነበር። በ1855 ለፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሲባል የቦርዶ የወይን ጠጅ ደላሎች የሜዶክን ቀይ ወይን ጠጆች በአምስት ደረጃ ከፍለው ነበር፤ ለዚህም በዋናነት የተመሩት እያንዳንዱ ወይን ጠጅ ለረጅም ጊዜ በገበያ ባወጣው ዋጋ ነው። በ1860 ፈረንሳይና እንግሊዝ ባደረጉት የንግድ ውል ቀረጥ ዝቅ ስላለ ሰፊ ገበያ ተከፈተ። ነገር ግን በጓዳ ሳለ የተመሰገነው ወይን ጠጅ ሩቅ አገር ሲደርስ አንዱ ወደ ኮምጣጤነት ይለወጣል፤ ሌላው ደፍርሶ ለዛውን ያጣል፤ አንዱ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል፤ የቡርጎኝ ምርጥ ወይን ጠጅም መራራ ይሆናል። ደላላው በቀመሰበት ቀን የሰጠው ደረጃ ገዢው ጠርሙሱን እስኪከፍት ድረስ ካልጸና፣ ነጋዴው የሚያጣው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ታማኝነቱን ጭምር ነበር። በ1863 ንጉሠ ነገሥት ናፖሌዎን ሦስተኛ ፓስተር የወይን ጠጅን በሽታዎች እንዲመረምር ጠየቀው።

በ1864 ፓስተር ከቀድሞ ተማሪዎቹ ጋር ወደ አርቧ ሄደ። የከተማው ሹማምንት ለምርምሩ የሚሆን ቤት በራሳቸው ወጪ ሊሰጡት ቢፈቅዱም በነጻነት መሥራትን መርጦ አልተቀበለም፤ ቡና ቤት የነበረ አሮጌ ክፍል ተከራይቶ፣ ዕቃውን የአገሩ አናጢና ቆርቆሮ ሠሪ አበጅተውለት ሥራውን ጀመረ። የልጅነት ወዳጆቹ በየጓዳቸው ያለውን ደኅናውንም የታመመውንም ወይን ጠጅ አቀረቡለት። እርሱም ከጠርሙሱ ሥር ካለው አምቡላ ጠብታ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ያያል፤ ወይን ጠጁንም ይቀምሳል፤ ዓይኑ ያየውንና ምላሱ የቀመሰውን ያስተያያል። ለእያንዳንዱ ብልሽት የራሱ የሆነ ረቂቅ ተሐዋሲ እንዳለው የተገነዘበው በዚህ መንገድ ነው። ከጊዜ በኋላም አምቡላውን በማይክሮስኮፕ አይቶ የወይን ጠጁ ጣዕም ምን ዓይነት ጉድለት እንዳለበት አስቀድሞ ለመናገር በቃ። ይህም ዕድሜ ልካቸውን ሲቀምሱ የኖሩትን ሰዎች እጅግ አስደነቃቸው።

በሽታው ከታወቀ በኋላ መድኃኒቱን መፈለግ ተከተለ። ፓስተር መጀመሪያ የተለያዩ ኬሚካሎችን ሞከረና ተዋቸው፤ በመጨረሻም ወይን ጠጁ አየር ሳይነካው ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ለጥቂት ጊዜ ቢሞቅ ጎጂዎቹ ተሐዋስያን እንደሚጠፉ አገኘ። በአፕሪል 1865 ለዘዴው የፈጠራ መብት ካወጣ በኋላ ማንም ሳይከፍል እንዲጠቀምበት ለሕዝብ ለቀቀው። ሆኖም በመካከል ከባድ ተቃውሞ ነበር። ወይን ጠጅ ሠሪዎችና ነጋዴዎች የሞቀ ወይን ጠጅ የተቀቀለ ወይን ጠጅ ነው፤ መዓዛው ይሄዳል፤ መልኩ ይከስማል፤ ማርጀትና መብሰልም አይችልም ብለው ሠጉ። ሥጋታቸውም የሚናቅ አልነበረም፤ ከበሽታ የዳነ፣ ነገር ግን ጣዕሙን ያጣ ወይን ጠጅ የሚገዛው የለምና። ይህን ጥያቄ ደግሞ ማይክሮስኮፕ ሊመልሰው አይችልም፤ ዳኛው ምላስ ብቻ ነው።

ያ ዓመት ለፓስተር የኀዘን ዓመት ነበር። በጁን 1865 አባቱ ሞተ፤ በሴፕቴምበር ደግሞ የሁለት ዓመት ልጁ ካሚይ አረፈች። ከስድስት ዓመት በፊት በ1859 የበኩር ልጁን ዣንን በታይፎይድ አጥቶ ነበር። በዚያው ዓመት መንግሥት በደቡብ ፈረንሳይ የሐር ትልን የፈጀውን በሽታ እንዲመረምር አዝዞት ስለ ነበረ ሥራው እጥፍ ሆኖበታል። ይህ ሁሉ ተጭኖት ሳለ የወይን ጠጁን ጉዳይ በይደር አልተወውም፤ የሙያው ባለቤቶች ራሳቸው መጥተው እንዲፈርዱ አደረገ።

በኖቬምበር 1865 የፓሪስን የወይን ጠጅ ነጋዴዎች የሚወክል ኮሚሲዮን በኤኮል ኖርማል ተሰብስቦ ብዙ ናሙናዎችን ቀመሰ። ከአንድ በርሜል ወጥቶ በከፊል የሞቀና በከፊል ያልሞቀ ወይን ጠጅ ጎን ለጎን ቀረበላቸው። በዳኝነቱ ላይ የተቀመጡት መልኩን በብርሃን አይተው፣ መዓዛውን አሽትተው፣ በአፋቸው አመላልሰው የሚተፉ፣ ኑሯቸው በዚሁ የተመሠረተ የተፈተኑ ሰዎች ናቸው። ልዩነት አገኙ፤ ልዩነቱ ግን እጅግ የሳሳ ነበር፤ አንዱ የሞቀውን ሲመርጥ ሌላው ያልሞቀውን ያስበልጣል። በመጨረሻም ሳይነገራቸው ሁለቱም ብርጭቆዎች አንድ ዓይነት ወይን ጠጅ ይዘው ቀረቡ። ቀማሾቹ በዚያም መካከል ልዩነት አገኙ፤ አንዱንም ከሌላው አስበለጡ።

ነገሩ በተገለጠ ጊዜ የኮሚሲዮኑ አባላት አልሸሸጉትም። በማሞቅ የሚመጣው የጣዕም ለውጥ አብዛኛው ጠጪ ሊያስተውለው የማይችል ያህል ጥቂት መሆኑን፣ በቅምሻም ላይ የሰው ሐሳብ ከፍ ያለ ድርሻ እንዳለው፣ እነርሱ ራሳቸውም በዚህ መያዛቸውን ተቀበሉ። በሙያው የከበረ ሰው ስለ ራሱ እንዲህ ያለውን ነገር ማመኑ ቀላል አይደለም። ፓስተርም ቢሆን ከዚህ በኋላ ቅምሻን አልናቀም፤ እንዲያውም ለዓመታት ባስቀመጣቸው ጠርሙሶች ላይ ደጋግሞ አስቀምሷል። ከሙከራው የተገኘው ትምህርት ምላስ አይታመንም የሚል አይደለም። ሚዛን ከመመዘኑ በፊት ራሱ እንደሚመዘን ሁሉ፣ ቀማሹም ከመፍረዱ በፊት መፈተን አለበት የሚል ነው።

ቀጥሎ የተደረገው ሙከራ በባሕር ላይ ነበር። ከ500 ሊትር ወይን ጠጅ እኩሌታው ሞቆ፣ እኩሌታው ሳይሞቅ ዣን ባር በተባለው መርከብ ላይ ተጫነና ለአሥር ወራት በባሕር ላይ ቆየ። ሲመለስ የተቀመሰው የሞቀው ወይን ጠጅ የጠራና የለሰለሰ ሆኖ ተገኘ፤ ያልሞቀው ግን ወደ መኮምጠጥ አዘንብሎ ነበር። በ1868 ደግሞ የባሕር ኃይሉ በብዛት የሞቀ ወይን ጠጅ ሲቢል በተባለችው መርከብ ላይ ጭኖ ላከ። እዚህ ላይ ልዩነቱን ለመለየት የሠለጠነ ምላስ አላስፈለገም።

ፓስተር ስለ ወይን ጠጅ የጻፈው መጽሐፍ በ1866 ታተመ፤ በ1867ቱ የፓሪስ ኤግዚቢሽንም ለዚሁ ሥራው ታላቁን ሽልማት ተቀበለ። የቀዳሚነት ክርክር ግን አልቀረለትም። ምግብን አሽጎ በማሞቅ ማቆየትን ያስፋፋው ኒኮላ አፔር ቀደም ብሎ ወይን ጠጅን አሙቆ እንደ ነበረ ፓስተር ራሱ መስክሯል፤ የቡርጎኙ ቬርኜት ላሞትም ሐሳቡ የእኔ ነው ብሎ ተሟግቷል። የፓስተር ድርሻ ለምን እንደሚሞቅ፣ ምን ያህል እንደሚሞቅና ውጤቱ እንዴት እንደሚፈተን በማስረዳቱ ላይ ነው።

በኦክቶበር 1868 ሽባነት ግራ ጎኑን መታው፤ ሆኖም ሥራውን አላቆመም። በ1874 በአርቧ አጠገብ የወይን ተክል ቦታ ገዛ። በ1878 ስለ መብላላት የተነሣውን ክርክር ለመፍታት የወይኑን ተክል በመስታወት ቤት አጥሮ፣ እርሾ ያልደረሰበት ፍሬ በራሱ እንደማይብላላ አሳየ። በጁላይ 1885 ያበደ ውሻ ለነከሰው ለዦዜፍ ማይስተር ክትባቱን ሰጠ፤ በ1888 በስሙ የተጠራው ኢንስቲትዩት በፓሪስ ተከፈተ፤ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1895 በ72 ዓመቱ አረፈ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር የሚያስገርም ነው። ፓስተራይዜሽን የተባለው ዘዴ ቢራንና ወተትን አሸንፎ በዓለም ሲሰፋ፣ ምርጥ ወይን ጠጅ የሚያዘጋጁት ግን አብዛኞቹ አልተቀበሉትም፤ በንጽሕና፣ በማጣሪያና በድኝ ውሕድ መጠበቅን መረጡ። በኤኮል ኖርማል የተፈተነው የማሞቂያ ዘዴ ከምርጡ ወይን ጠጅ ሲርቅ፣ ከቅምሻው የተገኘው ጥንቃቄ ግን በወይን ጠጅ ንግድ ውስጥ ቀረ። እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር በ1935 ባሳተመው መጽሐፍ ወተትና ሻይ የትኛው ቀድሞ እንደ ተቀዳ ለይታ እንደምታውቅ የተናገረችን ሴት በስምንት ስኒዎች እንዴት መፈተን እንደሚገባ አስረዳ። በ1940ዎቹ ዓመታት ደግሞ ሦስት ብርጭቆ ቀርቦ፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት ሆነው፣ የተለየውን ማውጣት የሚጠየቅበት ፈተና በመጠጥ ፋብሪካዎች ሥራ ላይ ዋለ። በሜይ 1976 በፓሪስ በተደረገው ቅምሻ የፈረንሳይ ዳኞች ስማቸው የተሸፈነ ወይን ጠጆችን ከ20 ነጥብ እየሰጡ ሲመዝኑ፣ በቀዩም በነጩም አንደኛ የወጡት የካሊፎርኒያ ወይን ጠጆች ሆኑ።

በዚህ መልክ ስም ተሸፍኖ መቅመስ ከወይን ጠጅ አልፎ ወደ ሌላውም ምርት ደርሷል። ቡና ቀማሽ የላኪው ስም ሳይሆን ቁጥር የተጻፈበትን ናሙና ሲቀምስ፣ አንዱንም ናሙና ከተለያዩ ስኒዎች ደጋግሞ ሲሞክር፣ የሚከተለው ይህንኑ ጥንቃቄ ነው። በ1865 በፓሪስ የተሰበሰቡት ነጋዴዎች በአንድ ወይን ጠጅ መካከል ልዩነት ማግኘታቸው አላዋረዳቸውም፤ ያገኙትን ስሕተት አምነው በመቀበላቸው ከእነርሱ በኋላ የመጣው የቀማሽ ቃል የበለጠ እንዲታመን አድርገዋል።