ጉልየልሞ ማርኮኒ፤ ከሩቅ መብራት ያበራ ሰው

ከዓለም ዙሪያ ሰዎች ጋር በሬዲዮ መነጋገርን ለትርፍ ሳይሆን ለሙያው ባላቸው ፍቅር ብቻ የያዙ፣ የመንግሥት ፈቃድና የጥሪ ምልክት የተሰጣቸው ሰዎች የሬዲዮ አማተሮች ይባላሉ። ከእነርሱ መካከል አንዳንዶቹ በዛሬ ጊዜ ማሠራጫቸውንና አንቴናቸውን በመኖሪያ ቤታቸው ትተው፣ ራሳቸው በሌላ ከተማ ወይም በሌላ አገር ተቀምጠው ጣቢያቸውን በኢንተርኔት አማካይነት ያዝዛሉ። ቁልፉን የሚጫኑት በአንድ ስፍራ ነው፤ ሞገዱ የሚነሣው ግን ማንም ከሌለበት ከሩቁ ክፍል ነው። ነገሩ አዲስ ይመስላል። ይሁን እንጂ እጅን በአንድ ስፍራ አኑሮ ሥራውን በሌላ ስፍራ የማከናወን ምኞት ከዘጠና ዓመት በፊት በአንድ ሰው እጅ ለዓለም ታይቶ ነበር። ይህ ሰው የቫቲካን ሬዲዮን የሠራው፣ ስሙ ግን በአገራችን ታሪክ በበጎ ብቻ የማይነሣው ጉልየልሞ ማርኮኒ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማርኮኒ አፕሪል 25 ቀን 1874 በኢጣልያ በቦሎኛ ከተማ ተወለደ። አባቱ ባለርስት ኢጣልያዊ፣ እናቱ የአየርላንድ ተወላጅ ነበሩ። በመደበኛ ትምህርት እምብዛም አልገፋም፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶም ዲግሪ አልያዘም። ነገር ግን የጀርመናዊው ሊቅ የሄርትዝ ምርምር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሞገድ ያለ ሽቦ በአየር ውስጥ እንደሚሄድ የሚያሳየው ሥራ፣ ልቡን ስለ ማረከው ከቦሎኛ አቅራቢያ በፖንቴኪዮ በሚገኘው የወላጆቹ ቤት ከጣሪያው ሥር ባለው ክፍል ተከቶ መሞከር ጀመረ። አባቱ ነገሩን እንደ ልጅ ጨዋታ ሲቈጥሩት እናቱ ይረዱት ነበር። በ1895 ምልክቱ ከቤቱ ፊት ለፊት ያለውን ኮረብታ ተሻግሮ በወዲያኛው በኩል ተሰማ። መልእክቱ መድረሱም ከኮረብታው ማዶ በተተኰሰ ጠመንጃ ታወቀ ይባላል። ይህ ወጣት በዚያን ጊዜ ዕድሜው 21 ዓመት ነበር፤ በኋላ ከከበረ በኋላ እንኳ ራሱን ከአማተሮች እንደ አንዱ ይቈጥር ነበር።

በአገሩ ሰሚ ባለማግኘቱ በ1896 ከእናቱ ጋር ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ የፈጠራ መብቱን እዚያው አስመዘገበ። ዲሴምበር 12 ቀን 1901 ከእንግሊዝ ከፖልዱ የተላከውን የሞርስ ፊደል ሦስት ነጥብ፣ ከአትላንቲክ ማዶ በኒውፋውንድላንድ፣ በነፋስ ኃይል ወደ ሰማይ በወጣች የጨርቅ በራሪ ላይ ባንጠለጠለው ሽቦ እንደ ሰማ አስታወቀ። የተጠራጠሩት አልጠፉም፤ ዛሬም የሚጠራጠሩ ሊቃውንት አሉ። በ1909 ከጀርመናዊው ብራውን ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ። በ1912 ታይታኒክ የተባለችው መርከብ በሰጠመች ጊዜ ከ700 በላይ ነፍሳት የተረፉት፣ የማርኮኒ ኩባንያ ሠራተኞች የነበሩ ሁለት ወጣቶች እስከ መጨረሻው ሰዓት በላኩት የሬዲዮ ጥሪ ሌላ መርከብ ስለ ደረሰችላቸው ነው። ከሁለቱ ወጣቶች አንዱ በዚያው ሌሊት ሞተ።

ማርኮኒ ከ1919 በኋላ ኤሌትራ ብሎ የሰየማትን መርከብ ገዝቶ መኖሪያውም ቤተ ሙከራውም አደረጋት። ከላይ ያነሣነው ነገር የታየው በዚህች መርከብ ላይ ነው። ማርች 26 ቀን 1930 ኤሌትራ በጄኖቫ ወደብ ቆማ ሳለ፣ ማርኮኒ በክፍሉ ተቀምጦ አንዲት ቁልፍ ተጫነ። የሬዲዮው ምልክት ወደ አውስትራልያ ተጉዞ፣ በዚያ የነበረው መሣሪያ ትእዛዙን ተቀብሎ በሲድኒ ከተማ ማዘጋጃ ቤት የተተከሉትን እጅግ ብዙ አምፖሎች በአንድ ጊዜ አበራ። በጄኖቫ ገና ቀን ሳለ በሲድኒ ምሽት ነበር። የመብራቱ ማብሪያ በሌላው የዓለም ዳርቻ፣ የጨለማው መገለጥ ግን በሲድኒ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ኦክቶበር 12 ቀን በብራዚል በሪዮ ደ ጃኔሮ ተራራ ላይ የቆመው ታላቁ የክርስቶስ አዳኝ ሐውልት ሲመረቅ፣ መብራቱን ማርኮኒ ከኢጣልያ ሆኖ እንዲያበራ ታስቦ ነበር። ብዙ መጻሕፍት ተፈጸመ ብለው ይተርኩታል፤ እንደሚታመነው ግን በዚያ ቀን የአየሩ ሁኔታ ምልክቱን ስላሰናከለው መብራቱን ያበሩት በስፍራው የነበሩ ሠራተኞች ናቸው። ትካሻቸውን ለሥራው የሰጡት እነዚያ ሰዎች ስማቸው አይነሣም።

ለእኛ ለካቶሊካውያን ከሁሉ የሚልቀው ሥራው የቫቲካን ሬዲዮ ነው። በ1929 የላተራኑ ውል ተፈርሞ የቫቲካን ከተማ መንግሥት ከቆመ በኋላ፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ጣቢያውን እንዲሠራ ማርኮኒን ጠሩት። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1931 ማርኮኒ ቅዱስ አባታችንን በድምፅ ማጉያው ፊት ለዓለም አስተዋወቀ፤ እርሳቸውም በላቲን ቋንቋ ለምእመናንና ለማያምኑ፣ ለባለጠጎችና ለድሆች፣ ለሠራተኞችና መከራ ለደረሰባቸው ሁሉ ተናገሩ። ከዚያ ቀን በፊት የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቃል በሩቅ ወዳሉ ሚስዮኖች የሚደርሰው በደብዳቤና በጋዜጣ ነበር። የጣቢያው የመጀመሪያው ሹም ኢየሱሳዊው የፊዚክስ ሊቅ አባ ጁዜፔ ጃንፍራንቼስኪ ነበሩ። በ1933 ማርኮኒ የቫቲካንን ከተማ ከካስቴል ጋንዶልፎ ጋር በእጅግ አጭር ሞገድ የሚያገናኝ የስልክ መሥመር ጨመረ። ይህ ጣቢያ ከጊዜ በኋላ በአማርኛም ማስተላለፍ እንደ ጀመረ አንባብያን ታውቃላችሁ።

ማርኮኒ ራሱ ወደ ቤተ ክርስቲያን የቀረበው በጕልማሳነቱ ነው። የመጀመሪያ ጋብቻው በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ያልጸና ተብሎ ስለ ተበየነ፣ በ1927 ማርያ ክሪስቲና የተባለችውን የሮማ መኳንንት ልጅ አገባ።

እስከዚህ ያለውን ብቻ ጽፈን ብናበቃ ግን እውነትን ከፍለን ማስቀረት ይሆንብናል። ማርኮኒ በ1923 የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆነ። በ1930 ሙሶሊኒ የኢጣልያ ንጉሣዊ አካዳሚ ፕሬዚዳንትና የፋሺስት ታላቁ ምክር ቤት አባል አደረገው። ከብዙ ዓመታት በኋላ በተገኙ ሰነዶች እንደ ታየው፣ ለአካዳሚው አባልነት ከቀረቡት እጩዎች መካከል አይሁዳውያን በሆኑት ስም ላይ ምልክት ይደረግ ነበር። ፋሺስቶች በኦክቶበር 1935 አገራችንን በወረሩ ጊዜም ማርኮኒ የወረራው ተከራካሪ ሆነ። በቢቢሲ ሬዲዮ ቀርቦ የኢጣልያን አቋም ለእንግሊዝ ሕዝብ ሊያስረዳ ቢጠይቅ፣ ጣቢያው ከለከለው። የሬዲዮ አባት በሬዲዮ እንዳይናገር ተከለከለ ማለት ነው። በዚያው ዓመት፣ ወረራው ከመጀመሩ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ በዚሁ በአጭር ሞገድ ለዓለም ሕዝብ አቤቱታ ያሰሙ ነበር። ማርኮኒ ያስተካከለው መንገድ የሁለቱንም ድምፅ ተሸከመ፤ ሞገዱ ገፊውንና ተገፊውን አይለይም።

ማርኮኒ በልብ ሕመም ብዙ ከታመመ በኋላ ጁላይ 20 ቀን 1937 በሮማ አረፈ። ይህም በአዲስ አበባ ከተፈጸመው የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት አምስት ወር፣ ከደብረ ሊባኖስ መነኰሳት ግድያ ሁለት ወር በኋላ ነው። ሲቀበር በብዙ አገሮች ያሉ የሬዲዮ ጣቢያዎች ሥራቸውን ለሁለት ደቂቃ አቋርጠው ዝም አሉ። አስከሬኑ በኋላ ወደ ፖንቴኪዮ ተወስዶ በወላጆቹ ቤት ግርጌ በተሠራለት መቃብር ዐረፈ። በዚያ ቤት ዛሬ የመታሰቢያ የአማተር ጣቢያ አለ፤ በልደቱ ቀን አጠገብ በሚውለው ቅዳሜም የብዙ አገር አማተሮች ማርኮኒ ከሠራባቸው ስፍራዎች ይጠራራሉ።