ኮንራድ ሃል ዋዲንግተን፦ የጂን ቁጥጥር አሳብ ከፅንስ ጥናት እስከ ኦቲዝም ምርምር

መግቢያ

ስለ ኦቲዝም የዘር መነሻ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው የአንድ የተበላሸ ጂን ስም ነው። የምርምሩ መልስ ግን ሌላ ነው። በ2020 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት ከኦቲዝም ጋር ጠንካራ ግንኙነት ያላቸው 102 ጂኖችን ለይቷል፤ ከእነዚህም 58ቱ ዋና ሥራቸው የሌሎችን ጂኖች እንቅስቃሴ መቆጣጠር ነው። ይህን ውጤት ለመረዳት የሚያግዘው አሳብ የተጠነሰሰው የዲኤንኤ ቅርጽ እንኳ ባልታወቀበት ዘመን ሲሆን፣ አመንጪው ብሪታንያዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ኮንራድ ሃል ዋዲንግተን ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የሊቁን ሕይወት በመከተል አሳቡ ለዛሬው የአንጎል ጥናት ያለውን ፋይዳ ይመረምራል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቅሪተ አካል ወደ ፅንስ

ዋዲንግተን በ1905 ኢቭሻም በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ተወለደ። አባቱ በሕንድ የሻይ ተክል አልሚ ስለነበር የሕፃንነቱን የመጀመሪያ ዓመታት በዚያ አሳለፈ፤ ከዚያም ወደ እንግሊዝ ተልኮ በዘመዶቹ ዘንድ አደገ። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ምድር አጥንቶ በ1926 በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ። ቀጥሎም አሞናይት በተባሉ ከምድር የጠፉ የባሕር እንስሳት ቅሪተ አካል ላይ ምርምር ጀመረ። የአሞናይት ቅርፊት እንስሳው ያለፈባቸውን የዕድገት ደረጃዎች በላዩ ይዞ የሚቆይ ነው። ዋዲንግተን ይህን ጥናት ሳይፈጽም ቢተወውም፣ አንድ ፍጡር ደረጃ በደረጃ እንዴት ቅርጽ ይይዛል የሚለው ጥያቄ ግን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አብሮት ኖሯል።

በ1924 ሃንስ ሽፔማንና ሂልደ ማንጎልድ ኒውት ከተባለው የእንቁራሪት ዘመድ ፅንስ ጥቂት ኅብረ ሕዋስ ወስደው በሌላ ፅንስ ላይ በመትከል፣ ሁለተኛ የነርቭ ሥርዓት ማስጀመር እንደሚቻል አሳይተው ነበር። ዋዲንግተን በ1930ዎቹ መጀመሪያ ይኸው ክሥተት በአእዋፍ ፅንስ ውስጥም መኖሩን አረጋገጠ። ከጆሴፍ ኒደምና ከዣን ብራሼ ጋር ባካሄደው ሙከራ ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር ተገኘ፤ ሚታይሊን ብሉ የተባለው ተራ ማቅለሚያ እንኳ የነርቭ ኅብረ ሕዋስ እንዲፈጠር ሊያነሣሣ ቻለ።

ብዙዎች ይህን ውጤት እንደ ውድቀት ቆጠሩት፤ የሚፈለገው ልዩ ኬሚካል ሳይገኝ ቀርቷልና። ለዋዲንግተን ግን ጥያቄውን ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚያዞር ነበር። ማቅለሚያ የአንጎልን አሠራር ሊያውቅ አይችልም፤ ስለዚህ ዋናው ነገር ያለው መልእክቱን በሚቀበለው ኅብረ ሕዋስ ዝግጁነት ውስጥ ነው። ይህ ዝግጁነት ደግሞ ከጂኖች ሥራ ሊነጠል እንደማይችል ተገነዘበ። በመሆኑም በ1930ዎቹ መጨረሻ ወደ አሜሪካ ተጉዞ በካሊፎርኒያ የፍራፍሬ ዝንብን ዘር አጠና፤ በክንፏ ዕድገት ላይም የተለያዩ ጂኖች የቱን የዕድገት ደረጃ እንደሚለውጡ ተከታተለ።

ሸለቆውና ውኃው

በ1940 ባሳተመው መጽሐፍ መግቢያ ላይ ሠዓሊው ጆን ፓይፐር የሣለው የወንዝ ሸለቆ ይታያል። በ1957 ደግሞ ሥዕሉ ኳስ የሚንከባለልበት ቁልቁለት ሆኖ ተሻሻለ። አሳቡን ለመረዳት በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ መካኒሳንና ላፍቶን አልፎ ወደ አባ ሳሙኤል የሚወርደውን ትንሹን አቃቂ ማሰብ ይበቃል። ውኃው በአንድ ወገን ትንሽ ቢገፋ ተመልሶ ወደ ቦዩ ይገባል፤ ሸለቆው ራሱ ሲለወጥ ግን መንገዱ ሁሉ ይለወጣል። ዋዲንግተን ሕዋስም እንዲሁ ነው ይላል። ነርቭ፣ ጡንቻ ወይም ቆዳ የሚሆነው አብረው በሚሠሩ ብዙ ጂኖች በተቀረጸ ሸለቆ እየወረደ ነው። በ1942 ለዚህ ጥናት ኤፒጄኔቲክስ የሚለውን ስያሜ ሰጠ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለብሪታንያ አየር ኃይል በሳይንሳዊ አማካሪነት ካገለገለ በኋላ፣ በ1947 በኤድንበራ ዩኒቨርሲቲ የቡካናን ፕሮፌሰርነት መንበርን ያዘ። በዚያም በ1953 ያሳተመው ሙከራ የአሳቡን ሁለተኛ ገጽታ አወጣ። የዝንብ ሙሽሬዎች በሙቀት ሲመቱ ጥቂቶቹ አንድ የክንፍ ሥር ጎድሏቸው ወጡ። እነዚህን እየመረጡ ለብዙ ትውልድ በማራባት፣ ያለ ሙቀትም ያው ጉድለት የሚታይባቸው ዝንቦች ተገኙ። አንዳንዶች ይህን ወደ ላማርክ መመለስ ነው ብለው ነቀፉት። የዋዲንግተን ማብራሪያ ግን በዳርዊን ምርጫ ውስጥ የሚቆይ ነበር፤ ሸለቆው ደብቆት የኖረ የዘር ልዩነት በጫና ጊዜ ይገለጣል፤ ምርጫም ያጸናዋል።

ከኤድንበራ ወደ አንጎል

ዋዲንግተን በ1975 ሲያርፍ ሥዕሉ ገና ምሳሌ እንጂ የታወቀ አሠራር አልነበረውም። በ1990 የቡካናንን መንበር የያዘው ኤድሪያን በርድ ነበር። የእርሱ ቤተ ሙከራ በ1992 ሚታይል ከተለጠፈበት ዲኤንኤ ጋር የሚጣበቀውን ሜክፒ2 የተባለ ፕሮቲን ለየ። በ1999 በሁዳ ዞግቢ የሚመራው የሂውስተን ቡድን የዚህ ፕሮቲን ጂን ሲበላሽ ሬት ሲንድሮም እንደሚከሠት አረጋገጠ። ይህ ችግር በአብዛኛው በሴት ልጆች ላይ የሚታይ፣ ንግግርንና የእጅ አጠቃቀምን የሚያሳጣና የኦቲዝም ገጽታዎች ያሉት ነው። በ2007 ደግሞ የበርድ ቡድን የታገደውን ጂን በአደጉ አይጦች ላይ መልሶ ሲያነቃው ምልክቶቹ በእጅጉ ተሻሉ። በአይጥ የታየ ለሰው መድኃኒት ነው ማለት አይደለም። ቢሆንም በዚህ ሁኔታ የነርቭ ሕዋሶቹ እንዳልሞቱ፣ የጎደላቸውም ቁጥጥር እንደሆነ አስረድቷል።

የ1953ቱ ሙከራም ዛሬ መልስ ለሚሹ ቤተሰቦች ቅርብ ነው። አንድ ዓይነት የክሮሞሶም ጉድለት፣ ለምሳሌ በ16ኛው ክሮሞሶም ላይ የሚታወቀው፣ በአንዱ ልጅ ኦቲዝም ሲያስከትል በሌላው ላያስከትል ይችላል። ሸለቆው በሁሉም ዘንድ እኩል ጥልቀት የለውምና።

ማጠቃለያ

በአገራችን ወ/ሮ ዘሚ የኑስ በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ፣ ብዙ እናቶች የልጃቸው ሁኔታ ከእርግማን ወይም ከራሳቸው ጥፋት የመጣ ነው ይባሉ ነበር። ኦቲዝም እንደ አንድ ጂን ብልሽት ብቻ ከተነገረም ወቀሳው ከእርግማን ወደ ዘር ሊዛወር ይችላል። የዋዲንግተን አሳብ ለዚህ ቦታ አይሰጥም፤ ውጤቱ የብዙ ጂኖች፣ የጊዜና የአካባቢ ድምር ነውና።

ለተመራማሪው የሚተወው ትምህርትም አለ። እስካሁን የተጠኑት የኦቲዝም ዘረመሎች በአብዛኛው የአውሮፓ የዘር ሐረግ ካላቸው ሰዎች የተወሰዱ ናቸው። የኢትዮጵያውያንን የጂን ለውጥ መቁጠር አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። አንድ ልጅ መቼ መናገር እንደጀመረ፣ መቼ እንዳቆመ፣ ተመሳሳይ ለውጥ የተሸከመ ወንድሙ ወይም እኅቱ እንዴት እንዳደገ በጥንቃቄ መመዝገብ የሸለቆውን ቅርጽ ለማወቅ የሚያስፈልግ መረጃ ነው። ይህን ለመጀመር ደግሞ ውድ መሣሪያ እስኪመጣ መጠበቅ አያሻም።