ከመከለያው ጀርባ የተማረችው ጂኦሎጂስት

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ድንጋይ ምን አገባው ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ እኔን የሳበኝ ድንጋዩ ሳይሆን ሴትየዋ የሄደችበት መንገድ ነው። ፍሎረንስ ባስኮም ትባላለች፤ ከተማሪነት ተነስታ ፕሮፌሰር ለመሆን የበቃችው ጋራና ሸንተረሩን በእግሯ ለክታ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፍሎረንስ በ1862 በአሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ተወለደች። አባቷ በኋላ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆኑ። እሷም እዚያው ገብታ በ1882 እና በ1884 የመጀመሪያ ዲግሪዎቿን፣ በ1887 ደግሞ በጂኦሎጂ ማስተርስ ያዘች። እስከዚህ ድረስ መንገዱ ብዙም አላስቸገራትም።

ችግሩ የመጣው ዶክትሬት ስትፈልግ ነው። በባልቲሞር የሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በዚያን ጊዜ ሴቶችን በመደበኛ ተማሪነት አይቀበልም ነበር። በ1891 እንድትማር ቢፈቀድላትም፣ ወንዶቹን ሐሳባቸውን እንዳትበትን ተብሎ ክፍሉ ጥግ ላይ ከመከለያ ጀርባ እንድትቀመጥ ተደረገ። አስቡት እስቲ! መምህሩን ትሰማለች እንጂ እንደ ሌሎቹ ፊት ለፊት አታይም።

መስክ ላይ ግን መከለያ የለም። ለመመረቂያ ጥናቷ ሳውዝ ማውንቴን የሚባለውን ተራራ መረጠች። እዚያ ያሉትን አንዳንድ አለቶች ባለሙያዎች ከደለል የተሠሩ ናቸው ይሏቸው ነበር። እሷ ናሙና ሰበሰበች፤ ድንጋዩን ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ አሳስታ በማይክሮስኮፕ መረመረችው። ያገኘችው ሌላ ነገር ነው፤ አለቶቹ በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ የፈሰሱና በዕድሜ ብዛት መልካቸው የተለወጠ ነበሩ። በ1893 ዩኒቨርሲቲው ዶክትሬት ሰጣት። ከዚያ ቤት ይህን ማዕረግ የተቀበለች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት።

ሁለት ዓመት ኦሃዮ ካስተማረች በኋላ በ1895 ፊላዴልፊያ አጠገብ ወዳለው ብሪን ማር የሴቶች ኮሌጅ ሄደች። ያኔ ጂኦሎጂ በኮሌጁ ራሱን የቻለ ትምህርት ክፍል አልነበረም። የሥራ ቦታ ተብሎ የተሰጣት ዕቃ ማስቀመጫ ነው። እዚያ ውስጥ ማዕድናትንና ቅሪተ አካላትን አንድ በአንድ እየሰበሰበች ትምህርት ክፍሉን አቋቋመችው። ከጊዜ በኋላ የኮሌጁ አመራር ትምህርቱን ወደ ምርጫ ኮርስ ዝቅ ሊያደርገው ሲያስብ፣ እንግዲያው ሥራዬን እለቃለሁ አለች። ትምህርቱ ተረፈ፣ በ1906ም ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነች።

በ1896 የአሜሪካ የጂኦሎጂ ሰርቬይ ሲቀጥራት በመሥሪያ ቤቱ የመጀመሪያዋ ሴት ጂኦሎጂስት ሆነች። ክረምት ክረምት ማስተማሯን ትቀጥላለች፤ በጋ ሲሆን ሜዳ ወጥታ ካርታ ትሠራለች። የፊላዴልፊያና የአካባቢው የጂኦሎጂ ካርታ ከነማብራሪያው በ1909 ታትሟል። በ1906 የወጣው የሳይንቲስቶች ማውጫም ከአገሪቱ ታላላቅ ጂኦሎጂስቶች መካከል መደባት። የሚያስቀው ነገር የማውጫው ርዕስ «የአሜሪካ የሳይንስ ወንዶች» የሚል መሆኑ ነው።

ለእኔ ከማዕረጎቿ ሁሉ የሚበልጠው ግን ተማሪዎቿ ናቸው። ጁሊያ ጋርድነር፣ አና ጆናስና ኤሊኖራ ብሊስ ከእሷ ተምረው እነሱም በዚያው ሰርቬይ የታወቁ ጂኦሎጂስቶች ሆነዋል። እሷን ከመከለያ ጀርባ ያስቀመጣት ዘመን፣ እነሱን ከፊት ሲያያቸው ኖረ ማለት ነው። ፍሎረንስ በ1928 ጡረታ ወጣች፣ በ1945 በ82 ዓመቷ አረፈች።

እኛም ዜና የምንማር ልጆች ከዚህ የምንወስደው ያለ ይመስለኛል። ሌሎች ደለል ነው ያሉትን እሷም ደለል ነው ብላ ብትጽፍ ኖሮ ማንም አይጠይቃትም ነበር። ተራራው ድረስ ሄዳ ድንጋዩን በእጇ ስላነሳች ነው እውነቱን ያገኘችው። ሰው ነገረኝ ብሎ መጻፍና ሄዶ አይቶ መጻፍ፣ በእኛም ሙያ ቢሆን፣ አንድ አይደሉም።