ሚኪ ሊላንድ፣ ለስደተኛ ሲል በአገራችን የቀረው አሜሪካዊ

ይህ የኢዮቤልዩ መጽሔት የማኅበራችንን ሰዎች ለማስታወስ የተዘጋጀ ነው። እኛ ግን የባዕድ አገር ሰው ታሪክ ጨምረንበታል። በ77ቱ ድርቅ በመተማ በኩል ወደ ገዳሪፍ የተሻገረ ቤተሰብ የዚህ ሰው ውለታ ሳይደርሰው አልቀረምና ነው።

ጆርጅ ቶማስ ሊላንድ፣ በቅጽል ስሙ ሚኪ፣ ኅዳር 18 ቀን 1937 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ጥሏቸው በመሄዱ በሂውስተን ከተማ በአንድ የጥቁሮች የድሃ ሰፈር እናቱ አሳደገችው። በመድኃኒት ቅመማ ሙያ በ1962 ዓ.ም. ተመረቀ። በ1965 ዓ.ም. ለቴክሳስ ምክር ቤት፣ በ1971 ዓ.ም. ደግሞ ለአሜሪካ ኮንግረስ ተመረጠ። እዚያ የታችኛው ምክር ቤት አባል የሚመረጠው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ሕዝቡ ግን ስድስት ጊዜ መርጦታል።

በ1976 ዓ.ም. ኮንግረሱ ስለ ረሃብ የሚያጠና ልዩ ኮሚቴ ሲያቋቁም ሊቀመንበር ሆነ። በዓይኑ ሳያይ መናገር አይወድም ነበር። ሱዳን ውስጥ በአንድ መጠለያ አንዲት ልጅ ፊቱ ነፍሷ ወጣ፤ ፊቷ ከዓይኑ እንዳልጠፋ ሲናገር ኖረ። አገሩ ተመልሶ ወተወተ፣ ኮንግረሱም ለአፍሪካ ረሃብተኞች 800 ሚሊዮን ዶላር ያህል ፈቀደ። ደርግና አሜሪካ ዓይንና ናጫ በነበሩበት ጊዜ እሱ የተራበ ሰው ፖለቲካ የለውም ብሎ አዲስ አበባ ይመላለስ ነበር። ሁለት እጅ የተጨባበጡበት ሥዕል ያለበትን የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ታስታውሱታላችሁ። እኛ የሱቅ ሰዎችማ ዘይቱ ካለቀም በኋላ ስንትና ስንት ዓመት ሰፍረንበታል!

ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. በትንሽ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሣ። የሚሄደው ጋምቤላ ውስጥ ወዳለው ፉኝዶ ጣቢያ ነበር። እዚያ የሰፈሩት ደግሞ ከጦርነት የሸሹ ሱዳናውያን ናቸው። እኛ በእነርሱ አገር፣ እነርሱ በእኛ አገር ተጠልለን ማለት ነው። አውሮፕላኑ በክረምቱ ደመና ውስጥ ጠፋ። የአሜሪካ አውሮፕላኖች ጭምር ገብተው እንዲፈልጉ ተፈቀደ፤ ስብርባሪው የተገኘው በሰባተኛው ቀን ተራራ ላይ ነው። ከ16ቱ ተሳፋሪዎች አንድም የተረፈ የለም።

የሁሉም አፍ የሚጠራው የእሱን ስም ነው። ከ16ቱ ሰባቱ ኢትዮጵያውያን እንደነበሩ ግን ልጆቻችን አያውቁም፤ ይህ ቅር ይለናል።

ሲሞት ገና 44 ዓመቱ ነበር። ባለቤቱ እርጉዝ ነበረች፤ በጥር ወር መንታ ወንዶች ልጆች ወለደች። አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ የተጠራ መንገድ አለ። ከገዳሪፍ ተመዝግበው አሜሪካ ከገቡት ልጆቻችን መካከል ሂውስተን የሚወርድ ካለ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ዓለም አቀፍ ተርሚናል የተሰየመው በዚሁ ሰው ስም ነው።