ሐኪሙ የትምህርት ቤት ኃላፊ

ሚዛን ተፈሪን፣ ቴፒንና ቦንጋን ዛሬ የምናውቃቸው በቡናቸው ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ግን ከፋ፣ ጊሚራና ማጂ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው የባሪያ ፍንገላ ነበር። በ1916 ዓ.ም. ባሪያ ቀስ በቀስ ነፃ እንዲወጣ አዋጅ ወጣ። ሕግ የተማርን ሰዎች እንደምናውቀው ግን አዋጅ ሰንሰለት ይፈታ እንደሆነ እንጂ ፊደል አያስቆጥርም። ነፃ የወጣው ልጅ የት ይግባ? ለዚህ ጥያቄ ከተጨነቁት ጥቂቶች አንዱ ሐኪም ወርቅነህ እሸቱ ነበሩ።

እርሳቸውም ከወገን የተለየ ልጅ ነበሩ። ጎንደር ተወልደው፣ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ የእንግሊዝ መኮንኖች አግኝተው ወደ ህንድ ወሰዷቸው። ቻርልስ ማርቲን ተብለው አደጉ፤ ላሆር ላይ ሕክምና ተማሩ፤ በርማ አገለገሉ። ከዐድዋ ድል በኋላ አገራቸው ሲመጡ አያታቸው በጠባሳቸው ለዩዋቸው።

በ1917 ዓ.ም. ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ኃላፊው ሆኑ። ነፃ ለወጡ ልጆች የተቋቋመውንም ትምህርት ቤት ደርበው ያዙ። የአማርኛ መማሪያ መጽሐፍ ብርቅ በነበረበት ዘመን ተቀምጠው የዓለም ጂኦግራፊ ጻፉ። መምህሩን ከመቆጣጠር በፊት የሚያስተምርበትን መስጠት ይቀድማልና።

ጨርጨርን እንዲገዙ ሲሾሙም ልማዳቸው አልተለወጠም። አሰበ ተፈሪ ላይ ለተከፈተው ትምህርት ቤት ዳይሬክተር የሆነው ከተፈሪ መኰንን የወጣው ወጣቱ አማኑኤል አብርሃም ነበር። ሐኪም ወርቅነህ በ1927 ዓ.ም. የለንደን ሚኒስትር ሲሆኑ ይህንኑ ወጣት በጸሐፊነት ይዘውት ሄዱ።

ጣሊያን ሲወር እርሳቸው ለንደን ሆነው ለአገራቸው ሲሟገቱ፣ ሁለቱ መሐንዲስ ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ ከጥቁር አንበሳ ጦር ጋር ዘመቱ። ያ ጦር ከራስ እምሩ ጋር እስከ ጎጀብ ወንዝ፣ እስከ ቡናው ምድር ደጃፍ ደረሰ። ልጆቹ በየካቲት 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተገደሉ። አባት ሐዘናቸውን ይዘው ወደ ነፃ አገራቸው ተመለሱ፤ በ1945 ዓ.ም. አረፉ።

ዛሬ በቡናው አገር ትምህርት ቤት የሌለበት ወረዳ የለም። ርዕሰ መምህሩ ግን ከስብሰባ ወደ ስብሰባ፣ ከሪፖርት ወደ ሪፖርት ሲሮጥ ይውላል። ክፍል ከገባም ነጥብ ሊሰጥ ነው። መምህሩ ምን እንደጎደለው ጠይቆ የጎደለውን ይዞለት የሚመለስ ስንቱ ነው? ሐኪም ነጥብ አይሰጥም፤ ሕመሙን ጠይቆ መድኃኒቱን ያዛል። የሐኪም ወርቅነህም የትምህርት ቤት አመራር ከሙያቸው የራቀ አልነበረም።