ሻምበል አበበ ቢቂላና የሮማው ምሽት

ተማሪዎች፣ ከሸዋ ሮቢት ተነሥታችሁ ጣርማ በርን በመውጣት ደብረ ብርሃንን ካለፋችሁ በኋላ ወደ ምዕራብ ብትጓዙ መንዲዳን ታገኛላችሁ። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1924 ዓ.ም. የተወለደባት ጃቶ በዚያው አካባቢ ናት። አበበ ወጣት ሳለ ክብር ዘበኛ ገብቶ በስዊድናዊው አሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን ዘንድ ሩጫ ተማረ።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ የሮማን ማራቶን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። መሽቶ ስለ ነበር ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩለት ነበር። የአገሩ ሰው ግን ይህን በቴሌቪዥን አላየም። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ድሉን ሲደግም እንኳ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ሊጀምር 12 ቀን ይቀረው ነበር።

የቶኪዮውን ሩጫ በባለ ቀለም ፊልም ልታዩት ትችላላችሁ። የሮማውን ግን አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት በጥቁርና ነጭ ነው። ዛሬ እንዲህ ያለውን ምስል በኮምፒዩተር ቀለም መቀባት ቀሏል። ቀለም ያለፈውን ዘመን ለወጣቱ ያቀርብለታል የሚሉ አሉ፤ ይህ ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ ቀቢው የልብሱን ቀለም ከሰነድ ቢያገኝ፣ የችቦው ብርሃን በአበበ ፊት ላይ እንዴት እንዳረፈ ከየት ያገኛል? በግምት ይቀባዋል፤ እናንተም ግምቱን እንደ ታሪክ ትቀበሉታላችሁ። ስለዚህ የተቀባው ፊልም መቀባቱ ይጻፍበት፣ ዋናውም ሳይነካ ይቀመጥ።

አበበ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ሲያርፍ የአገሩ ቴሌቪዥን ገና በጥቁርና ነጭ ነበር።