ፍላነሪ ኦኮነር፦ ሣቅንና እምነትን ያስማማች ደራሲት

ማንበብ የሚወዱ እናቶችና እኅቶች፣ እምነትን የማይነካ ሆኖም የሚያስቅ ልብ ወለድ ይጠቁሟቸው ዘንድ ካቴኪስቶችን ሲጠይቁ፣ መልሱ ብዙ ጊዜ የቅዱሳን ገድል ብቻ ይሆናል። ገድሉ መልካም ነው፤ የተጠየቀው ግን ሌላ ነው። እንግሊዝኛ ለሚያነቡ ሁሉ አሜሪካዊቷን ካቶሊካዊት ደራሲ ፍላነሪ ኦኮነርን ማስተዋወቅ ይገባል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፍላነሪ የላቲን ሥርዓት ተከታዮች በዓለ ብሥራትን በሚያከብሩበት ዕለት፣ ማርች 25 ቀን 1925 ዓ.ም. በጆርጂያ ግዛት በሳቫና ከተማ ተወለደች። ለወላጆቿ አንዲት ልጅ ነበረች። በሕፃንነቷ ወደ ኋላ የምትራመድ ዶሮ ስለ ነበረቻት የዜና ፊልም አንሺ ድረስ መጥቶ አንሥቷታል፤ ከዚያ ወዲህ የአዕዋፍ ፍቅር አልለቀቃትም። በ1941 ዓ.ም.፣ ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለች፣ አባቷ ሉፐስ በተባለ ደዌ ዐረፈ። ይህ ደዌ የሰውነት መከላከያ ኃይል በገዛ አካሉ ላይ የሚነሣበት ነው።

በሚሌጅቪል ከተማ በሚገኘው የሴቶች ኮሌጅ ተምራ በ1945 ዓ.ም. ተመረቀች። በዚያ የምትታወቀው በምትሥላቸው አስቂኝ ካርቱኖች ነበር። ቀጥላም በአይዋ ዩኒቨርሲቲ የድርሰትን ሙያ አጠናች። የመጀመሪያ ልብ ወለዷን በመጻፍ ላይ ሳለች፣ በ1950 ዓ.ም. መጨረሻ ለገና በዓል ወደ ቤተሰቧ በባቡር ስትጓዝ ታመመች። ሕመሟ አባቷን የገደለው ያው ሉፐስ ነበር። እናቷ ልጅቱ እንዳትደነግጥ ብላ ስሙን ሰወረችባት፤ እውነቱን ከአንዲት ወዳጇ የሰማችው በ1952 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ በኋላ የቀሯትን ዓመታት እናቷ በምታስተዳድረው አንዳሉሲያ በተባለ የወተት ላሞች እርሻ አሳለፈች። ጠዋት ቅዳሴ ታስቀድሳለች፤ ቀጥሎም አቅሟ የሚፈቅድላትን ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ትጽፋለች፤ ከሰዓት በኋላ ደብዳቤ ስትጽፍና የምታረባቸውን ጣዎሶች ስትመለከት ትውላለች። ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ ለጆርጂያ ሀገረ ስብከት ጋዜጦች ከ100 በላይ የመጻሕፍት ግምገማ አቅርባለች። ስሟ የተጠራ ደራሲት እንዲህ ባለ ትንሽ ገጽ ላይ ለመጻፍ አለመናቋ፣ የእኛን መጽሔት ለመሰለ ሁሉ ደስታ ነው። መንፈሳዊ ተብሎ በደካማ አጻጻፍ የቀረበን መጽሐፍ ግን አትምረውም ነበር።

በ1958 ዓ.ም. ዘመዶቿ ገፋፍተዋት ወደ ሉርድ ተሳለመች፤ በሮምም ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ቡራኬ ተቀበለች። በዚያን ጊዜ የምትሄደው በክራንች ተደግፋ ነበር። በሉርድ ወደ ውኃው የገባችው እያመነታች ሲሆን፣ በኋላ እንደ ተናገረችው የጸለየችው ስለ አጥንቶቿ ሳይሆን አላልቅ ስላላት ልብ ወለድ ነው። ልብ ወለዱም በ1960 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ።

ለእናቶች አስቀድሞ ሊቀርብ የሚገባው “መገለጥ” የተባለው አጭር ልብ ወለዷ ነው። ሚስስ ተርፒን የተባለች ወፍራም ባለእርሻ በሐኪም ቤት ተራ እየጠበቀች፣ በዙሪያዋ የተቀመጡትን ሁሉ በልቧ በየደረጃቸው ትደረድራለች፤ እንደ እነርሱ ስላልፈጠራትም ኢየሱስን ታመሰግናለች። መጽሐፍ ስታነብ የነበረች አንዲት ተማሪ በድንገት መጽሐፉን ወርውራ ግንባሯን ትመታታለች፤ ከሲኦል የመጣች እሪያ ነሽ ብላም ትሰድባታለች። ሚስስ ተርፒን ማታ የአሳማዎቿን ጋጣ እያጠበች እግዚአብሔርን ትሟገታለች። በዚያም ወደ ሰማይ የሚወጣ ሰልፍ ታያለች፦ የናቀቻቸው ሁሉ ከፊት፣ እርሷን የመሰሉት ከኋላ። በሉቃስ ወንጌል የተነገረው ፈሪሳዊ ቀሚስ ለብሶ የመጣ ያህል ነው። አንባቢዋ በሴትዮዋ ስትሥቅ ቆይታ፣ ድንገት የራሷን ሐሳብ በዚያች አፍ ትሰማለች።

ሌሎቹ ሁሉ ለስላሳ አይደሉም። “ደግ ሰው ማግኘት ይቸግራል” በሚለው ውስጥ አንድ ቤተሰብ በሙሉ ይገደላል፤ ለጀማሪ አይመከርም። ከዚህ የከበደ ሌላ ነገርም አለ። በደብዳቤዎቿ ውስጥ ስለ ጥቁር ሕዝቦች የጻፈቻቸው የንቀት ቃላት ይገኛሉ፤ በዚህም ምክንያት በ2020 ዓ.ም. በሜሪላንድ የሚገኘው ሎዮላ ዩኒቨርሲቲ ስሟን ከተማሪዎች ማደሪያ ላይ አንሥቷል። ይህን ከአንባብያን መደበቅ ተገቢ አይሆንም። የሚስስ ተርፒንን ትዕቢት እንዲህ አድርጋ ያወቀችው ከጎረቤቶቿ ብቻ ሳይሆን ከራሷም ልብ ይመስላል።

በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ የተደረገላት ቀዶ ሕክምና የተኛውን ሉፐስ ቀሰቀሰው። ሐኪሞች ሥራ እንድታቆም ስላዘዟት ወረቀቶቿን ትራስ ሥር እየደበቀች መጻፏን ቀጠለች። በሐምሌ ምሥጢረ ቀንዲልን ተቀበለች፤ ኦገስት 3 ቀን፣ በ39 ዓመቷ ዐረፈች። ትራስ ሥር የነበሩት ታሪኮች በማግሥቱ ዓመት በመጽሐፍ ወጡ፤ የአጫጭር ልብ ወለዶቿ ሙሉ ስብስብም በ1972 ዓ.ም. የአሜሪካን ብሔራዊ የመጻሕፍት ሽልማት አገኘ።

“መገለጥ” በአንድ ተቀምጦ ንባብ የሚያልቅ ነው። በእናቶች ጉባኤ ላይ እንግሊዝኛ የምታውቅ አንዲት እኅት በራሷ ቃል ብትተርከው ይበቃል፤ የሰልፉን ራእይ ግን ሣቁ ጋብ እስኪል ድረስ ታቆየው።